የጓሳ ሣር ታሪክ፦ መሬትን ከልሎ የመጠበቅ የመንዝ ልማድና ለትምህርት ያለው ጠቀሜታ

መግቢያ

ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነሥቶ በመገናኛና በኮተቤ በኩል ከአዲስ አበባ የሚወጣው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ይደርሳል። ከዚያ ወደ መሐል ሜዳ የሚታጠፈው መንገድ ዋናውን ጎዳና ትቶ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ወደ መንዝ ያመራል። ተጓዡ በዚህ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ የገብስ እርሻው በድንገት ቆሞ ሰፊ የሣር ምድር ሲጀምር ያያል። በግራና በቀኝ ያለው መሬት ሁሉ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ በታረሰበት አገር ይህ ሣር እንዴት ሳይታረስ ቀረ? የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ጥያቄ ነው። ምድሩም በላዩ በሚበቅለው ሣር ስም ጓሳ ተብሎ ይጠራል።

በክፍል ውስጥ ስለ ዱር አራዊት ጥበቃ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሱት አዋሽ፣ ስሜንና ባሌ የመሳሰሉት ብሔራዊ ፓርኮች ናቸው። እነዚህ መንግሥት በሕግ የከለላቸው፣ ዘበኛና ጽሕፈት ቤት ያላቸው ስለሆኑ መጠቀሳቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪው ከዚህ ብቻ ተነሥቶ መሬትን መከለልና አራዊትን መጠበቅ ከውጭ የመጣ፣ ዕድሜውም ከአንድ ትውልድ ብዙ የማይበልጥ ሥራ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። የጓሳ ታሪክ ይህን ድምዳሜ ያርማል። በመንዝ ገበሬዎች የወጣው የመከለል ሥርዓት በአሜሪካ የሎስቶን ፓርክ ከተቋቋመበት ከእ.ኤ.አ. 1872 ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ይሠራበት የነበረ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሥርዓቱ እንዴት እንደተመሠረተ፣ በምን እንደጸና፣ ለምን እንደፈረሰና እንዴት ተመልሶ እንደቆመ መርምሮ፣ ለመምህራንና ለፕላን ባለሙያዎች የሚሆነውን ቁም ነገር ማመልከት ነው።

1. የጓሳ ምድርና ነዋሪዎቹ

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ የሚገኝ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ደጋ ሲሆን፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በስተ ምሥራቅ ምድሩ ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል። በአፋፉ ላይ የሚወርደው ዝናብ ከፊሉ ወደ አዋሽ፣ ከፊሉ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ይሄዳል። ሣሩና ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር ውኃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ በቀስ ስለሚለቀው በበጋ ወራት የማይደርቁ ምንጮች ከዚህ ይነሣሉ። ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ከጓሳ ሣር ጋር ጅብራና አስታ የመሳሰሉ የውርጭ ምድር ዕፅዋት ይበቅላሉ።

በዚህ ሣር ውስጥ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኙ እንስሳት ይኖራሉ። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ቀይ ቀበሮ ነው። ይህ እንስሳ በመላው ዓለም ያለው ቁጥር 500 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጠው በባሌ ተራሮች ይኖራል። የቀረው በአርሲ፣ በስሜን፣ በወሎና በመንዝ ደጋዎች ተበታትኖ ይገኛል። በጓሳ ያለው ጥቂት አሥሮች ቢሆን ነው። ከቀበሮው ሌላ ጭላዳ ዝንጀሮና ጋጋኖ የተባለው ወፍ ይገኛሉ፤ በአንኮበር አካባቢ ተለይታ የታወቀችና ክልሏ እጅግ ጠባብ የሆነ አንዲት ትንሽ ወፍም በዚሁ ደጋ ትኖራለች።

የእነዚህ እንስሳት ኑሮ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው የሚመገበው በሣሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩትን አይጦች ነው። ጭላዳ ደግሞ ሣር በል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በጓሳ ስለሚታየው ነገር ሲገልጽ፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከሞከረው ከመቶ 67 ያህል እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን ግን የሚሳካለት ከመቶ 25 ያህል ብቻ እንደሆነ አስታውቋል። ቀበሮው በመካከላቸው ሲመላለስ ጭላዶቹ አይሸሹም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። ሣሩ ቢጠፋ አይጡም፣ ጭላዳውም፣ ቀበሮውም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ በጓሳ አራዊትን መጠበቅ ማለት በመጀመሪያ ሣሩን መጠበቅ ማለት ነው።

የመንዝ ሰው ግን ሣሩን የጠበቀው ለቀበሮው ብሎ አይደለም። መንዝ ብርዳም አገር ነው፤ ሕዝቡም የሚኖረው በገብስ እርሻና በበግ እርባታ ነው። ከበጉ ጸጉር የሚሠራው ባና በሰፊው የታወቀ ነው። በዚህ አገር የጓሳ ሣር ብዙ ጉዳይ ይፈጽማል። ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል። ዝናብ በሚቀርበት ዘመን ደግሞ የከብቱ የመጨረሻ መኖ እርሱ ነው። ቀበሮው የኖረው ገበሬው ለቤቱ ክዳንና ለከብቱ ነፍስ ብሎ በጠበቀው ሣር ተሸሽጎ ነው።

2. የቀሮ ሥርዓት

መንዝ ጌራ ምድር፣ ማማ ምድርና ላሎ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ስሞቹ አገሩን ካቀኑት አባቶች ስም የተወሰዱ መሆናቸውን ትውፊት ይናገራል። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ መነሻ የሆኑት ነጋሢ ክርስቶስ የተነሡትም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከዚሁ ከመንዝ ነው። የጓሳ አጠባበቅም የሚቆጠረው ከዚያው መቶ ዘመን ጀምሮ ነው።

በመንዝ የመሬት ይዞታ መሠረቱ አጽመ ርስት ነበር። በዚህ ሥርዓት አንድ ሰው መሬት የሚያገኘው አገሩን ካቀናው አባት መወለዱን በእናቱ ወይም በአባቱ በኩል ቆጥሮ ሲያስረዳ ነው። የእርሻው መሬት በተወላጆች መካከል ሲከፋፈል፣ ጓሳ ግን ሳይከፈል የወል ሆኖ ቀረ። የመጠቀም መብቱም አስቦና ጌራ ከተባሉት ሁለት አቅኚ አባቶች ለሚወለዱ ሁሉ ሆነ።

ይህን የወል መሬት የሚያስተዳድረው ደንብ ቀሮ ይባል ነበር። ባለመብቶቹ ከመካከላቸው አባ ቀራ የተባለ ኃላፊ ይመርጣሉ፤ የአስቦም የጌራም ወገን የየራሱ አባ ቀራ ነበረው። አባ ቀራው ከሽማግሌዎች ጋር ተመካክሮ ጓሳ እንዲዘጋ ያደርጋል። መዝጊያው እንደ ሣሩ ዕድገት ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይቆይ ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት ክልክል ነው። ለጥበቃው ባለመብቶቹ ራሳቸው በየተራ ይሰማራሉ። ደንቡን ተላልፎ የተገኘ ሰው ከባድ ቅጣት ይጠብቀው ነበር።

ሣሩ መድረሱ ሲረጋገጥ ጓሳ የሚከፈትበት ቀን ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ፣ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ፣ ይነገራል። የሚከፈተውም ድርቁ በሚበረታበትና የከብት መኖ በሚያልቅበት የበጋ ወራት ነው። የክረምቱ ዝናብ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን አካባቢ፣ ሰውም ከብትም ከጓሳ ይወጣል፤ መሬቱም እንደገና ያርፋል። የመክፈቻውና የመዝጊያው ጊዜ ሁሉም በሚያውቀው የበዓልና የጾም አቆጣጠር የተወሰነ በመሆኑ ደንቡን አላወቅሁም የሚል ሰው ሊኖር አይችልም ነበር።

የቀሮ ጥንካሬ ከምን መጣ ቢባል ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ በመያዙ ነው። አንደኛ፣ መብቱ የማን እንደሆነ የታወቀ ነበር። ሁለተኛ፣ መሬቱ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ የታወቀ ነበር። ሦስተኛ፣ ጠባቂውና ተጠያቂው የታወቀ ሲሆን፣ ኃላፊውም ከራሳቸው ከተጠቃሚዎቹ የተመረጠ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሁለቱ ብቻቸውን ሊቆሙ እንደማይችሉ በኋላ የደረሰው ነገር አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱን ነቀፋ የሌለበት አድርጎ ማቅረብ ታሪክን ማዛባት ይሆናል። ቀሮ ለባለ አጽመ ርስቱ የቆመ ደንብ ነበር። ከአቅኚ አባት መወለዱን ማስረዳት ያልቻለ ሰው፣ በአጠገቡ እየኖረና በአንድ ውርጭ እየተመታ፣ ከጓሳ ሣር በመብት አንዲት ነዶ ማጨድ አይችልም ነበር። መሬቱ በሚገባ ተጠብቋል፤ ነገር ግን የተጠበቀው ለሁሉም አልነበረም።

3. ከሌላው ዓለም ልምድ ጋር ሲነጻጸር

የወል መሬት እንዴት ይጠበቃል የሚለው ጥያቄ የመንዝ ብቻ አይደለም። ጋሬት ሃርዲን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ የወል ግጦሽ መጨረሻው መጥፋት ነው ሲል ተከራክሯል። በእርሱ አስተሳሰብ እያንዳንዱ ከብት አርቢ አንድ ከብት ሲጨምር ጥቅሙ የብቻው፣ ጉዳቱ ግን የሁሉም ስለሚሆን፣ ሁሉም እየጨመረ ግጦሹን ያጠፋዋል። መድኃኒቱም መሬቱን ለግለሰብ መስጠት ወይም በመንግሥት ማስጠበቅ ነው።

ይህን አስተያየት ከምርምር በተገኘ ማስረጃ የመረመረችው ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሃርዲን የገለጸው ደንብ የሌለውን መሬት እንጂ የወል መሬትን ሁሉ እንዳልሆነ አስረድታለች። ከምሳሌዎቿ አንዷ በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ ያለችው ቶርበል የተባለች መንደር ናት። በዚያች መንደር እ.ኤ.አ. በ1517 የወጣ ደንብ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልበው ከሚችለው ቁጥር በላይ ከብት ወደ ወሉ ተራራ እንዳያወጣ ይከለክል ነበር። ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷታል።

የቶርበል ገበሬና የመንዝ ገበሬ አይተዋወቁም። ሆኖም ሁለቱም በብርዳማ ተራራ ላይ አንድ ዓይነት ችግር ገጥሟቸው ተቀራራቢ መልስ አግኝተዋል። አንዱ የከብቱን ቁጥር ወሰነ፤ ሌላው የማረፊያውን ዘመን ወሰነ። የቶርበል ደንብ በጽሑፍ ተቀምጦ ለተመራማሪ ሲተርፍ፣ የቀሮ ደንብ የኖረው ግን በሽማግሌዎች ቃል ነው። በቃል የሚኖር ደንብ ደግሞ በጽሑፍ በወጣ ዐዋጅ ፊት ራሱን ለመከላከል አቅም የለውም።

4. የ1967 ዓ.ም. ዐዋጅና ከዚያ በኋላ

በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ አደባባይ ከወጡ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ዐዋጁ የጭሰኛን ሥርዓት አስወገደ፤ በትውልድ ሐረግ ላይ የቆመውንም የመሬት መብት ሻረ። በገጠር በመንዝ ብቻ ሳይሆን በመላው አገሪቱ ለብዙ ሰው ትልቅ የፍትሕ ቀን ነበር። በመንዝም ከአቅኚ አባት ባለመወለዱ ከጓሳ ታግዶ የኖረው ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ጎረቤቱ እኩል ሆነ።

ነገር ግን ዐዋጁ የሻረው አጽመ ርስትን ብቻ አልነበረም። ቀሮ በአጽመ ርስት ላይ የተተከለ ስለነበር አብሮ ወደቀ። አባ ቀራን የሚመርጡት ባለመብቶች በሕግ ፊት የማይታወቁ ሆኑ። ማን ይዘጋል፣ ማን ይከፍታል፣ ማን ይቀጣል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ጠፋ።

ችግሩን ያባባሰው ሌላው ነገር የአደረጃጀቱ ወሰን ነው። በዐዋጁ መሠረት አንድ የገበሬ ማኅበር የሚቋቋመው ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር መሬት ላይ ነበር። ይህ ልክ የእርሻ መሬትን ለማደላደል አመቺ ነው። ጓሳ ግን 10,000 ሄክታር ያህል ስፋት ስላለው የአንድ ማኅበር ንብረት ሊሆን አልቻለም፤ በዙሪያው ባሉ በርካታ ማኅበራት መካከል ወደቀ። አንዱ ማኅበር ሣሩን ላሳርፍ ቢል ሌላው ከማጨድ የሚከለክለው አልነበረም። ነገ ጎረቤቱ እንደሚያጭደው ያወቀ ሰው ደግሞ ዛሬውኑ ያጭዳል። ሃርዲን የገለጸው ጥፋት በጓሳ መታየት የጀመረው መሬቱ የወል በነበረበት ዘመን ሳይሆን የወሉ ደንብ ከፈረሰ በኋላ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሕዝቡ አጸፋ ነው። የጓሳ ነገር የሚያሳስባቸው ሽማግሌዎችና ገበሬዎች አዲሱን አደረጃጀት እንቢ በማለት ፈንታ በእርሱው ውስጥ ገብተው ጥበቃውን እንደገና አቋቋሙ። ከየገበሬ ማኅበሩ ተወካዮች የተመረጡበት ኮሚቴ ጓሳን የመዝጋቱንና የመክፈቱን ሥራ ተረከበ። አዲሱ ኮሚቴ ከቀሮ የወረሰው መዝጊያውን፣ መክፈቻውንና የጥበቃውን ግዴታ ነው። ያልወረሰው የትውልድ ሐረጉን ነው። መብቱ በዘር መሆኑ ቀርቶ በነዋሪነት ሆነ። ይህ ጥበቃ እንደ ቀድሞው የጠነከረ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ጓሳ እንዳይታረስ አድርጓል።

በኋላም ተመራማሪዎችና የዱር አራዊት ጥበቃ ድርጅቶች፣ በተለይም የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር፣ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር መሥራት ጀመሩ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቦታው በአማራ ክልል ሕግ የጓሳ መንዝ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ተብሎ ዕውቅና አገኘ። በዚህም በሽማግሌዎች ቃል ብቻ የኖረው ልማድ በጽሑፍ ሰፈረ። ጎብኚዎች የሚያርፉበት፣ ገቢው ለማኅበረሰቡ የሚውል ማረፊያም ተሠርቷል።

5. የስሜን ፓርክ ታሪክ እንደ ማነጻጸሪያ

ከጓሳ ጎን ለጎን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ታሪክ መመልከት ጠቃሚ ነው፤ መነሻው ከላይ፣ ከመንግሥት ነውና። እ.ኤ.አ. በ1963 በዩኔስኮ አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ የመጣ የባለሙያዎች ቡድን የዱር አራዊት ጥበቃ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። ከዚያም መሥሪያ ቤቱ ተቋቋመ፤ በ1962 ዓ.ም. የስሜን ፓርክ በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን ከእነርሱ አንዱ ነበር።

የፓርኩ ዓላማ ከፍ ያለ ነው፤ ከዚያ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው ዋልያ የሚኖረው በስሜን ገደሎች ነውና። ነገር ግን በተከለለው መሬት ውስጥ የሚያርሱና ከብት የሚያረቡ መንደሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከገደሉ ሥር ያሉ ነዋሪዎች በግድ ተነሡ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በአገሪቱ ውስጥ በሚገኙ በርካታ ፓርኮች የጥበቃ ጣቢያዎች ተዘረፉ፤ በዘመቻ የተተከሉ ደኖችም በብዙ ቦታ ተቆረጡ። ሕዝቡ የእኔ ነው ያላለውን ነገር ጠባቂው በሄደ ማግሥት አልጠበቀውም። ዋልያው በመቀነሱና የመኖሪያው ስፍራ በመጎዳቱም ስሜን እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ።

ከመዝገቡ ለመውጣት ሃያ አንድ ዓመት ፈጅቷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የፓርኩ ወሰን እንደገና ተሰምሮ ሰፋ። በፓርኩ መካከል የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎችም ወደ ደባርቅ ተዛውረው ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 ተጠናቀቀ። በተከታዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ከዚህ ንጽጽር ተነሥቶ ሕግ አያስፈልግም፣ ልማድ ብቻ ይበቃል ማለት ስሕተት ነው። ልማድ ብቻውን በ1967 ዓ.ም. ሊቆም እንዳልቻለ ከላይ ታይቷል። ደግሞም የመንግሥት ክልከላ ባይኖር ኖሮ ዋልያ እስካሁን ላይኖር ይችል ነበር። ትክክለኛው ትምህርት ሌላ ነው። የስሜን ሕግ ሕዝቡን ለማግኘት ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ የጓሳ ሕዝብም ሕግ ለማግኘት ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል። ሁለቱ በተለያዩበት ዘመን ሁሉ የተጎዳው መሬቱ ነው።

6. የዛሬው ጥያቄ

የጓሳ ሣር ለሦስት መቶ ዓመታት የተጠበቀው ገበሬው ስለሚያስፈልገው ነው። አሁን ግን በመንዝም እንደ ሌላው አገር የሣር ክዳን ለቆርቆሮ ቦታውን እየለቀቀ ነው። ወጣቱም ለትምህርትና ለሥራ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ይፈልሳል። ቤቱን በቆርቆሮ የከደነ ሰው ሣሩን ለመጠበቅ ሌሊት በውርጭ የሚያድርበት ምክንያት ምንድን ነው? የከብቱ መኖ አለ፤ የምንጮቹ ውኃ አለ፤ ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ አለ። ነገር ግን እንግዳ የሚመጣው ሰላም ሲኖር ነው። የውኃውም ጥቅም ከጓሳ ርቆ በታችኛው ተፋሰስ ለሚኖረው ሰው ጭምር ስለሆነ፣ ጠባቂው ብቻውን የሚሸከመው ዕዳ መሆን የለበትም።

ለቀይ ቀበሮው ደግሞ ከሣሩ መታረስ ሌላ አደጋ አለበት። ሰው ወደ ደጋው በቀረበ ቁጥር ውሻውም አብሮ ይቀርባል። የእብድ ውሻ በሽታና ሌሎች የውሻ በሽታዎች በባሌ ተራሮች ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅተዋል። በጓሳ ያሉት ቀበሮዎች ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ አንድ ወረርሽኝ ብቻ ሊጨርሳቸው ይችላል። ይህን ደግሞ አባ ቀራ በመዝጋትና በመክፈት አይመልሰውም፤ የእንስሳት ሐኪም፣ ክትባትና ውሻውን የሚያስር ባለቤት ያስፈልጋል። ስለዚህ የጥበቃ ደንብ በየዘመኑ አዲስ ምክንያትና አዲስ ዕውቀት መጨመር ይኖርበታል።

7. ለመምህራንና ለፕላን ባለሙያዎች

የፕላን ባለሙያው ከዚህ ታሪክ የሚያገኘው ቁም ነገር፣ አንድን ነባር ደንብ ከመሻሩ በፊት ደንቡ ምን ተሸክሞ እንደቆመ መመርመር እንዳለበት ነው። የ1967ቱ ዐዋጅ አድልዎን ማስወገዱ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን አድልዎው የተሸከመው የሣር ጥበቃ በምን እንደሚተካ አልተጠየቀም። ዛሬም በገጠር ለእርሻ ልማት፣ በከተማም ለመንገድና ለሕንጻ መሬት ሲመደብ ይኸው ጥያቄ መቅረብ አለበት።

መምህሩ ደግሞ ይህን ታሪክ በሁለት መንገድ ሊጠቀምበት ይችላል። በታሪክ ትምህርት የመሬት ዐዋጁ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ከጭሰኛና ከባላባት ግንኙነት አንጻር ነው። የጓሳ ምሳሌ አንድ ዐዋጅ በሣር፣ በውኃና በአራዊት ላይም ውጤት እንደሚያስከትል ያሳያል። በሥነ ሕይወት ትምህርት ደግሞ የምግብ ሰንሰለት የሚባለው ነገር፣ ከሣር ወደ አይጥ፣ ከአይጥ ወደ ቀበሮ፣ በሥዕል ብቻ ሳይቀር በስሙ በሚታወቅ አገር ላይ ሊታይ ይችላል።

ተማሪዎቹን ሁሉ ወደ መንዝ መውሰድ አይቻልም። ስለ መሬት ጥበቃ ለመማር ግን ሩቅ መሄድ ግዴታ አይደለም። የቦሌ አካባቢ እስከ 1950ዎቹ ዓ.ም.፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደዚያ እስከተዛወረበት ጊዜ ድረስ፣ በአብዛኛው እርሻና ግጦሽ ነበር። ከሰባ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ያ ሁሉ መሬት መንገድና ሕንጻ ሆኗል። በምሥራቅ አዲስ አበባ ከቀረው ዛፍና ሣር የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ፣ በወንዞች ዳርና በየካ ተራራ ላይ ነው። የየካ ተራራ አብዛኛው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው፤ እርሱም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ ከውጭ የገባ ነው። በአሮጌ አጥቢያዎች ግቢ ግን ጽድና ወይራ እስካሁን ይገኛል።

አንድ መምህር ተማሪዎቹን በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ወዳለ እንዲህ ያለ ቦታ ወስዶ ከጓሳ የተገኙትን ጥያቄዎች እንዲጠይቁ ማድረግ ይችላል። በዚህ መሬት ላይ መብት ያለው ማን ነው? መቼና ለምን ጉዳይ ይከፈታል፤ መቼስ ይዘጋል? የሚጠብቀው ማን ነው፤ ጥበቃው ቢጎድል የሚጠየቀውስ ማን ነው? ተማሪዎቹ መልሱን ከአጥቢያው ሽማግሌዎች፣ ከቀበሌው ሠራተኞችና ከጥበቃዎቹ ጠይቀው በጽሑፍ ያቅርቡ። ቦታው የቅጥር ግቢ ከሆነ ለሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ አይቀሩም። የወንዝ ዳር ከሆነ ግን ምናልባት ለአንዱም መልስ ላያገኙ ይችላሉ። በሁለቱ ቦታዎች ያለው ዛፍና ሣር ለምን እንደተለያየ በዚያን ጊዜ መምህሩ ማስረዳት አያስፈልገውም።

የመንዝ ሽማግሌዎች ቀሮን ለልጆቻቸው ያስተማሩት በመጽሐፍ ሳይሆን በየጊዜው በሚዘጋና በሚከፈት መሬት ላይ ነበር። በከተማ ለሚያድገው ተማሪ ግን የሚዘጋና የሚከፈት መሬት የለውም። ስለዚህ ያን ትምህርት የመስጠቱ ኃላፊነት ከአባ ቀራው ወደ መምህሩ ተላልፏል ማለት ነው።